ከደጀ ሰላሙ ውጭ የቆመችው አዋላጅ

በጎንደር የሩፋኤልን ደጅ የሚሳለም ሰው ወለተሩፋኤልን ሳያያት አይመለስም ነበር። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ በስተግራ ካለችው ወይራ ሥር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ታስቀድሳለች። ዝናብ ሲመጣ ወደ ግንቡ ትጠጋለች፣ ፀሐይ ሲበረታ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስባለች፤ ወደ ውስጥ ግን አትገባም። የማያውቋት ሰዎች ብዙ ይሏታል። አንዱ ንስሐ አባቷ ገዝተዋት ነው ይላል፤ አንዷ የሠራችውን እሷና እግዜር ያውቁታል ብላ ከንፈሯን ትመጣለች። ሰው ያላወቀውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ ያቅተዋል፤ ጎንደሬ ደግሞ ይብስበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወለተሩፋኤል አዋላጅ ነበረች። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ የወለደች እናት አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም። ይኸን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አዋላጂቱም የራሷ ቀን እንዳላት ነው፤ ለወንድ ሃያ፣ ለሴት አርባ። በየሰፈሩ ያሉ አዋላጆች አብዛኞቹ ይኸን ሳይሰሙ ኖረው ሳይሰሙ ይሞታሉ፣ እግዜርም የሚቀየማቸው አይመስልም። የወለተሩፋኤል ንስሐ አባት መምሬ ዓለምነው ግን ለክፋቱ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው ነበሩ። አንብበው ነገሯት፤ እሷም አንዴ ከሰማች በኋላ አልሰማሁም የምትል ሴት አልነበረችም።

የተወለደችው ኮሶዬ ነው፣ በደባርቅ መንገድ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት አገር። ማዋለድን ከእናቷ ተማረች፤ ለሐብተ ማርያም ተድራ ጎንደር ከገባች በኋላም ሆስፒታል ውስጥ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ሰጥተው፣ መቀስና ክር፣ አንድ የላስቲክ ምንጣፍና ሳሙና ያለበት ቦርሳ አሸክመው ላኳት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በሷ እጅ ወለደ። ያኔ ቀኗ አላስቸገራትም። በዓመት ዐሥር፣ ቢበዛ ዐሥራ አምስት ልጅ ብትቀበል ነው፤ በመካከሉ ቀኗ ይሞላል፣ ትታጠባለች፣ ትገባለች። ልጆቹን በሰማንያና በአርባ ቀናቸው ክርስትና ሲያስነሷቸው አብራ ትቆማለች፣ እልልታዋ ከሁሉ ይበልጣል።

ባሏ ሐብተ ማርያም ግንበኛ ነበር። የጎንደርን ድንጋይ አርባ ዓመት ሲጠርብ አቧራው ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ደረጃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ቆሞ ያስላል። አንዲት ልጃቸውን ደባርቅ ድረው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ አንድ ነገር አማረው። በሰማንያ ነበር የተጋቡት፣ በቁርባን አልነበረም። እንደ ሌሎቹ አዛውንቶች ከሚስቱ ጋር ቆርቦ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ ማለት ፈለገ። ቁርባን ደግሞ ለባልና ለሚስት አብሮ ነው፤ አንዱ ገብቶ አንዱ ደጅ አይቀርም። እሷም ከሱ ይብስ ትጓጓ ነበር። ቀን ቆርጠው፣ ለመምሬ ነግረው፣ ነጠላና ጋቢ አጥበው እየጠበቁ ሳለ ነው ስደተኞቹ የመጡት።

በደርግ ጊዜ ከጦርነቱና ከድርቁ ሸሽቶ ሱዳን የገባ ሕዝብ ነው። በሰባ ሰባት የወጣው በሰማንያ አምስት መጨረሻ መመለስ ጀመረ። በቆላው በኩል መሬት እስኪመራ ድረስ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለለት። አገሩ ገብቶም ስደተኛ ነው፤ ቤት የለው፣ ማሳ የለው፣ ልጆቹ ያማርኛቸውን ግማሽ በዓረብኛ ያወራሉ። ወለተሩፋኤል መጀመሪያ የሄደችው ከጽዋ ማኅበሯ የተሰበሰበ አሮጌ ልብስ ልታደርስ ነበር። ልብሱን ለማን እንደምትሰጥ ስትጠይቅ ከአንድ ድንኳን ጀርባ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። ሴትዮዋ መሬት ላይ በሸራ ተከልላ ብቻዋን ታምጣለች። ልብሱን ጣለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ነርስ ቢመጣም ምጥ ቀን አይመርጥም። ጋሪ ተልኮ ይመጣል፣ ወለተሩፋኤል ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች። በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ልጅ ትቀበላለች። የወንዱ ሃያ ቀን ሳይሞላ ሴት ትወለዳለች፣ የሴቷ አርባ ሳይሞላ ሌላ ሴት። ቀኑ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ እንደ ገና አሀዱ ይባላል። ጥምቀት አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካ ወጣ፤ እሷ ወይራዋ ሥር ናት። ጎረቤቶቿ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል፤ ለሰው ስትል የራሷን ቤተ ክርስቲያን አጣች ማለታቸው ነው። እውነትም አላቸው። እሷ ግን እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ ስትሰደድ በር የከፈተላት ጥቂት ነው፣ እኔ ምጥ የያዛትን ስደተኛ ቀኔ ስላልሞላ ነው ብዬ ብመልስ በየትኛው ዓይኔ ሥዕሏን አየዋለሁ ትላለች። ሐብተ ማርያምም ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ብሎ ያስላል። ሳሉ ግን በየወሩ እየጠለቀ ሄደ። እሷም በጆሮዋ ትለካው ነበር። ባሏ ሳይቆርብ ይሞትብኝ ይሆን የሚለው ፍርሃት ከእንቅልፏ ያነቃታል፤ ከሞተ ደግሞ ያስቀረችው እሷ ናት።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ቀን ሰማንያ ስድስት ላይ የሆነው ነገር የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው። የመጨረሻው ልጅ ወንድ ስለነበር ከሃያው ቀን ዐሥራ ሰባቱ አልፎ ሦስት ቀርቷት ነበር። ለሐብተ ማርያም በሚመጣው ሳምንት እሑድ ብላዋለች። ጋሪው መጣ። አየለች የምትባል፣ ባሏ ሱዳን የሞተባት፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ልጅ እግር ሴት ነች። መንገዱን ሁሉ ወለተሩፋኤል ወንድ አድርገው፣ ቢያንስ ወንድ አድርገው እያለች ስትጸልይ ሄደች። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ፣ ጎርፉ ከእግራቸው ሥር እየሄደ ልጅቱን ተቀበለቻት። ሴት ናት። እልል ማለት ሲገባት ከሆዷ የወጣው ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት።

አየለች ሰማችው። «ምነው እማማ፣ ልጄ ምን ሆነች» አለች፣ ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ።

ድንኳኑ ውስጥ ሦስተኛ ሴት ነበረች። ሰኪና ትባላለች፤ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። በጎንደር የእስላም ሰፈር የአዲስ ዓለም ነጋዴ ልጅ ስትሆን በሰባ ሰባት ከባሏ ከአሊ ጋር ተሰድዳ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ ካምፕ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፣ እዚያም አንድ ዓመት ሙሉ ማዋለድ ተምራለች። ሱዳኖቹ አዋላጅን ዳያ ይላሉ፤ ሰኪናም ስሟን ስትጠየቅ ዳያ ሰኪና ማለት ትወድ ነበር። እሷም ነፍሰ ጡር ናት፣ እግሯ አብጧል። እትብቱ ተቆርጦ፣ ልጅቱ ተጠቅልላ እናቷ እቅፍ ከገባች በኋላ ወለተሩፋኤልን በክንዷ ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት።

«እትየ፣ ስደተኛ ሴት ልጅ ወለደች ተብሎ እንዲህ ይተነፈሳልን?» አለቻት። «ያች ልጅ ባሏን የቀበረች ናት። ምን አድርጋሽ ነው?»

 ወለተሩፋኤል እዚያው ዝናቡ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ስለ ሃያውና ስለ አርባው፣ ስለ ሐብተ ማርያም ደረት፣ ስለ ወይራዋ፣ ዐሥር ወር ሙሉ ያልነገረችውን ሁሉ ለዚች በሃይማኖት ለማትመስላት ሴት ዘረገፈችው። ሰኪና አፏን ይዛ ሰማቻት።  ኋላም በመናደድና በመሳቅ መካከል ሆና ይኸን ሁሉ ጉድ ይዘሽ ነው ዝም ያልሽ አለቻት።

«እኔን ከመስጊድ የሚያስቀረኝ የሌላ ሰው ምጥ የለም» አለች ሰኪና። «አርባውን ቀን ለእኔ ተይው። ማንም ወደ አንች አይመጣም፣ አንችም አትምጪ።»

ወለተሩፋኤል አንች ራስሽ ነፍሰ ጡር አይደለሽምን አለች። ሰኪና የእኔ ገና ጥቅምት ነው ብላ እጇን አወዛወዘች፤ እንደ ሁሉም አዋላጅ የሰው ቀን ስትቆጥር የራሷን ተሳስታለች። ወለተሩፋኤል ከዚያ ወደ ድንኳኑ ተመልሳ አየለችን ይቅርታ ጠየቀች። ምክንያቷን አልደበቀችም፤ ልጅሽ ጤነኛ ናት፣ ሸጋ ናት፣ ክፉው የእኔ ሆድ ነው አለቻት። አየለች ሕፃኗን እንድትይዛት ሰጠቻት። ይቅርታ ማድረጓ ነበር።

ያ አርባ ቀን ለወለተሩፋኤል ከማዋለድ ይልቅ ከበዳት። እጇ ሥራ ፈት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ሜዳ ምን ሆኖ ይሆን ትላለች፤ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሣለች። ፍልሰታ ገባና ሕፃን አዋቂው ሲቆርብ እሷ እንደ ልማዷ ወይራዋ ሥር ቆመች፤ ግን ልቧ ቀለል አለ፣ ቀኑ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሊ ለገበያ ሲወጣ በቤቷ በኩል ያልፋል። ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ወታደር ሪፖርት ያደርጋል፤ ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት፣ ሁሉም ደኅና፣ ሰኪና ሰላም ብላለች። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሰኪና እትብት ከማሰርሽ በፊት ክሩን ቀቅይው ብላሻለች አላት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብላ ሳቀች ወለተሩፋኤል፤ ክሩን ግን ቀቀለችው።

ሐብተ ማርያም ሌላ ሰው ሆነ። ንስሐ ገቡ። መምሬ ዓለምነው ቀኑን ቆጥረው አርባው ጳጉሜን ሁለት ይሞላል፣ በማግስቱ የሩፋኤል በዓል ነው፣ በስምሽ ቀን ትገቢያለሽ አሏት። እሳቸው እንኳ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበቡት ሰውዬ፣ ሲናገሩ ደስ ብሏቸው ነበር።

ጳጉሜን ሦስት ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ ሲነጋም አላባራም። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ጠበል ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍሩበታል፣ ትልልቆቹም ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ይቆማሉ። ባልና ሚስት ከትናንት ቀትር ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምሱ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እሷ ጃንጥላ ይዛለት ቀስ ብለው ወጡ። እሱን ሁለት ጊዜ ሳል አቆመው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሲያዩ አንድ ጋሪ ጭቃ እየረጨ ከኋላቸው ደረሰ። ከላዩ የወረደችው አየለች ነበረች፤ ልጇን አዝላለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች።

ሰኪናን ምጥ ይዟታል፣ ቀኑ ሳይደርስ። ከሌሊት ጀምሮ ነው። ለወለተሩፋኤል የነገረ ወዮለት ብላ ሴቶቹን ሁሉ አስምላቸው ነበር፤ ብቻዬን እወጣዋለሁ ብላ ነበር። ሲነጋ ግን ከሕፃኑ አንድ እግር ወጥቶ ቀረ። አየለች መሐላውን አፍርሳ መጣች። ነርሱ በዓል ነው፣ የለም።

ወለተሩፋኤል የሩፋኤልን በር አየችው። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ውስጥ ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴው ሊገባ ነው፣ ከበሮው ዝም ብሏል። እውነቱ ይነገር፣ በዚያች ሰዓት ስሙን የተሸከመችውን መልአክ ተቀየመችው። የማኅፀን ፈቺ ይሉሃል፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ብትታገሠኝ ምን ነበረበት አለችው በሆዷ። ከዚያ ጃንጥላውን ለባሏ ሰጠችው።

«አያ ሐብቴ፣ አንተ ግባ» አለችው። «መምሬ ሕመምህን ያውቁታል፣ ለብቻህም ያቆርቡሃል። እኔን አትጠብቀኝ።»

ሐብተ ማርያም ጃንጥላውን ተቀብሎ በሩን አየ፣ እሷን አየ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬሽ በልቼ፣ ዋናው ማዕድ ሲደርስ ብቻዬን ልቀመጥ?» አለና ወደ ጋሪው ሄዶ የባለጋሪውን ትከሻ ተደግፎ ወጣ። እሷ ብትለምነው አልወርድም አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰኪና ስታያት መጀመሪያ ያወረደችው እርግማን ነው፤ አየለችን፣ ጋሪውን፣ የመጣችበትን መንገድ ሁሉ ረገመች። ምጥ ላይ ያለች ሴት ያን ያህል መሳደቧ ተስፋ ነው፣ ወለተሩፋኤል ይኸን ታውቃለች። እጇን ታጥባ ገባች። በእግሩ የመጣ ልጅ ሁለት ጊዜ አዋልዳ አንዱን ቀብራለች። ሰኪና ግን ሱዳን ውስጥ ተምራው ነበርና ጥርሷን ነክሳ ትነግራታለች፤ አትሳቢ፣ ሁለተኛውን እግር ፈልጊ፣ አሁን ዝም በይ፣ አሁን አዙሪ። የምታምጠው አስተማሪ፣ የምታዋልደው ተማሪ ሆነው አንዷ ያላህን ስም፣ አንዷ የማርያምን ስም እየጠሩ ሁለት ሰዓት ታገሉ። በመጨረሻ ልጅቱ ወጣች። ጠቁራ ነበር፤ ድምፅ የላትም። ወለተሩፋኤል አፏን ጠርጋ፣ ጀርባዋን አሽታ፣ እፍ ብላ፣ እንደ ገና አሽታ ቆየች። ልጅቱ ስታለቅስ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

ሴት ናት። እንደ ገና አርባ ቀን። ወለተሩፋኤል ግን በዚያች ደቂቃ ቀን መቁጠር የሚባል ነገር ከናካቴው ከራሷ ወጥቶ ነበር። ያስታወሰችው ሰኪና ናት። ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየወረደ ይቅር በይኝ፣ ደጁ ላይ መለስኩሽ አለቻት። ወለተሩፋኤል ደግሞ ዝም በይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለች፤ ለእስላም እንዲህ እንደማይባል የገባት ካለችው በኋላ ነው። ሰኪና ሳቀች። ከዚያ እሷም አርባ ቀን ሶላት እንደሌላት፣ አራስ በነሱም ሃይማኖት ቀኗ እስኪሞላ እንደማትሰግድ ነገረቻት። ከአንድ ልጅ መወለድ የተነሣ ሁለቱም ከጸሎታቸው ደጅ ቆሙ፤ የሁለቱም ቀን አንድ ላይ ይሞላል። ለወለተሩፋኤል ይኸ ነገር ምን ያህል እንዳጽናናት ለማስረዳት ይከብዳል። ከዐሥራ አንድ ወር በላይ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ አሁን አጠገቧ ሰው አለ።

ሐብተ ማርያም ከድንኳኑ ውጭ ግንድ ላይ ተቀምጦ ጠብቆ ነበር። ጃንጥላውን አየለች ልጇን እንድትሸፍንበት ሰጥቷታል፤ ነጩ ጋቢ ውኃ ሆኖ ከገላው ተጣብቋል። በሳምንቱ ደረቱ ቆሰለ። ሆስፒታል ዐሥር ቀን ተኝቶ መርፌ ተወጋ። ሐኪሙ ሳንባው እንደ ነጠላ ስሷል፣ ከዚህ በኋላ ቤቱ ይረፍ ብሎ አሰናበተው፤ የዚያ ትርጉም ለማንም አይጠፋም።

መምሬ ዓለምነው ሊጠይቁት መጡ። ሕመም ሲጠና ሕጉ ሌላ ነው፣ የሚስትህን ቀን ሳትጠብቅ በዚህ እሑድ ላቁርብህ አሉት። ወለተሩፋኤልም እግራቸው ሥር ወድቃ እንዲያስገድዱት ለመነች። ሐብተ ማርያም አልተቆጣም። እጠብቃለሁ አለ። ካልደረስኩም ጌታ ስጠብቅ እንደ ነበር ያያል፣ እሱ ዓይን አለው አለ። ያነበቡት መጽሐፍ ለዚህ መልስ እንደሌለው የመምሬ ፊት ይናገር ነበር። በመጨረሻም እንግዲያውስ ቀኑ ጥቅምት ሰባት ይሞላል፣ ጥቅምት ዐሥራ ሦስት እሑድ ነው፣ እስከዚያ ሞት የሚባል ነገር አልፈቅድም ብለው ወጡ።

መስከረም ሃያ ላይ መንገዱ ደረቀና የጭነት መኪኖቹ ስደተኞቹን ወደ ቆላው ማጓጓዝ ጀመሩ። ሰኪናና አሊ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ወለተሩፋኤል ስንብት ብላ ዳቦ ጋግራ ሄደች። ሜዳው ግማሹ ባዶ ሆኗል፣ አየለችም ሄዳለች፤ የሰኪና ድንኳን ግን እንደ ቆመ ነው። አራስ ነኝ፣ ጨቅላ ይዤ በጭነት መኪና አልንገላታም፣ በመጨረሻው እሄዳለሁ አለቻት። ወለተሩፋኤል አመነቻት፤ የአራስ ነገር ነው፣ ማን ይጠራጠራል? አሊ ከድንኳኑ ጥግ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጦ ነበር፣ ወባ ይዞት ነው ብላ አሰበች። ከቀሩት ውስጥ አራት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ሰኪና ልጇን አዝላ አራቱንም አዋለደች። አንዷን ያዋለደችው በወለደች በሃያ ስምንተኛ ቀኗ ነው። አንድም ጋሪ ወደ ከተማ አልተላከም።

ጥቅምት ዐሥራ ሦስት ንጋት ላይ ሐብተ ማርያምን በቃሬዛ ተሸክመው ሊወስዱት የመጡት የድንኳኑ ወንዶች ናቸው፤ አሊም ከፊት አንዱን ጫፍ ይዟል። እስከ ደጀ ሰላሙ ተሸከሙት። እዚያ ሲደርሱ እስላሞቹ ቆሙ፣ ክርስቲያኖቹ ተቀበሏቸው። ወለተሩፋኤል ከወይራዋ አጠገብ ደርሳ ለአፍታ እግሯ ሊቆም ፈለገ፤ ልማድ ነው። ከዚያ ገባች። ወርኃ ጽጌ ነበር፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት፣ ካህናቱ ስለ እሷ መንገድና ስለ እሷ ጥም ይዘምራሉ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ቆረቡ። እንደ ሥርዓቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ፤ የቆረበ ሰው ወዲያው አያወራምና እስከ ቀትር ድረስ ዝም ብለው ተያዩ። ሐብተ ማርያም መጀመሪያ የተናገራት ቃል ተመስገን ነበረች። ሁለተኛዋም ያችው ናት።

ሐብተ ማርያም የጥምቀት ማግስት አረፈ። ወለተሩፋኤል አለቀሰች፣ ግን የፈራችው ልቅሶ አልነበረም። የተሸከመችው ነገር ወርዶላት ነበር፤ ሰው ሲያጽናናት እሷ መልሳ ታጽናናው ነበር ይባላል። አርባው ሲወጣ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መምሬ ሄደች፣ ቆራቢ ነኝና ከእንግዲህ ማዋለዱን ልተወው ወይ ብላ ጠየቀች። ሂጂ አዋልጂ፣ ቀንሽን ጠብቀሽ ነይ አሏት። እንዲሁ አደረገች፤ ወይራዋ ሥር የቆመችው የቀረው ዕድሜዋን ሁሉ ነው። አሁን ግን ደስ ብሏት ነበር የምትቆመው።

በዘጠና አራት፣ ሰኪና ሦስት ጊዜ ከላከችባት በኋላ፣ ወለተሩፋኤል በመተማ መንገድ ወደ ቆላው ወረደች። አውቶቡሱ ጭልጋን አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር ነጠላዋን አውልቃ እንደ ወንድ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። በጳጉሜኑ ዝናብ የተወለደችው ፈትሂያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከአውቶቡሱ ተቀብላ ቦርሳዋን ካልያዝኩ ብላ ተሟገተቻት። መንደሩ መግቢያ ላይ ወንዙ ዳር የአየለች ማሳ አለ፣ አፈሩ ጥቁር፣ ሰሊጡ ያማረ፣ ማንጎውም ደርሷል። አየለች ወጥታ አቅፋ ሳመቻት። የሰኪና ቤት ግን ከዚያ አንድ ሰዓት ያስኬዳል፣ ጉብታ ላይ ነው። ውኃው በአህያ ነው የሚወጣ። ማሳው ዙሪያውን በድንጋይ ክምር ታጥሯል፣ ለአጥር ተብሎ የተከመረ ሳይሆን ከማሳው የተለቀመ ነው፤ አሁንም አላለቀም።

ማታ ምግብ ቀርቦ፣ ለእሷ ብለው በክርስቲያን እጅ የታረደ ዶሮ ከአየለች ቤት ተልኮ መጥቶ፣ ሲጫወቱ ወለተሩፋኤል እንዲያው ለጨዋታ ያህል አየለች ሸጋ ዕጣ ደርሷታል፣ እናንተ ግን ምነው ይኸን ድንጋይ አገኛችሁ አለች።

አሊ ሳቀ። ሰኪና በዓይኗ ዝም በል አለችው፤ እሱ ግን ሰባት ዓመት ድንጋይ የለቀመ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ መናገር ይገባዋል።

«ዕጣ አልነበረም እትየ» አለ። «ቀድሞ የደረሰ ነው የወንዙን ዳር የተመራው። እኛ በመጀመሪያው መኪና ነበርን። ይች ሴት አርባሽ ሳይሞላ አልሄድም አለች። እኔ ከሄድኩ የቀሩት ያምጣሉ፣ ካማጡ ይጠሯታል፣ ከጠሯት ትመጣለች፣ ያ ሰውዬ ሳይቆርብ ይሞታል አለች። ሳምንት ሙሉ ተጣላን። በመጨረሻው መኪና ስንደርስ የቀረው ይኸ ነበር።»

ፈትሂያ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ወለተሩፋኤል እጇን ከመሶቡ መለሰች። በደጁ በኩል የድንጋዩ ክምር በጨረቃ ይታያል፤ ሁሉንም ድንጋይ አንድ በአንድ በእጅ ያነሣው ሰው አለ። ሐብተ ማርያም አጠገቧ ቆሞ የቆረበው፣ ተመስገን ብሎ የሞተው፣ በዚህ ማሳ ዋጋ እንደ ሆነ ሰባት ዓመት ሙሉ አላወቀችም። ስለ ሁሉም ነገር እግዜርን አመስግና ነበር፣ መልአኩን ይቅርታ ጠይቃ ነበር፣ ለመምሬ ጧፍ ወስዳ ነበር። ይች ሴት ግን አንድ ዳቦ ብቻ ነበር የደረሳት።

«ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?» አለቻት።

ሰኪና የልጇን ጠጉር ከግንባሯ መለስ አደረገች።

«ብነግርሽ ትገቢ ነበር?» አለች።

ወለተሩፋኤል ብዙ ጊዜ አሰበችው። አትገባም ነበር።